የወለላ አንገት

ሚስት ያገባ ሰው አማት እንደሚጨመርለት ሁሉም ይነግራችኋል። ፈረስ እንደሚጨመርለት ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። እናንተ ዛሬ ሰማችሁ፤ ከዚህ በኋላ በራሳችሁ ፍረዱ።

የባለቤቴ የስመኝ አባት ጋሼ ቢተው የሚኖሩት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው፤ ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ያወርዳችሁና ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ትገባላችሁ። እሳቸው ከተማውን ዛሬም በዱሮ ስሙ ቆሰበር ነው የሚሉት። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ወለላ የምትባል ዳማ ባዝራ ፈረስ አለቻቸው። ከወለላ ጋር የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ አዊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ቁም ነገሩን ለእሷ ነግረው ትርፉን ለእኔ የሚያካፍሉኝ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል። ግን ለእሷ ሲያወሩ ረዘም ያለ ነው።

ወለላ አንድ ጥፋት ብቻ ነበረባት፤ መጥፋት። ችካሏን ትነቅልና ገመዷን እየጎተተች ደስ ወዳላት ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ጥሊሊ መንገድ ላይ ሚኒባስ አስቁማ ተገኝታለች፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ እሷ መንገዱ መሐል ቆማ ታስባለች። ዱሮ ማሳው ገላጣ ስለነበር ፈረስ የጠፋበት ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ቢያይ ይበቃው ነበር አሉ። ዛሬ አካባቢው ሁሉ ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ተሞልቷል፤ ዛፉ ተጠጋግቶ ስለሚበቅል ፈረስ ቀርቶ ሠርገኛ ቢገባበት በአሥር ርምጃ አይታይም። ያን ክረምት ደግሞ ወለላ አርግዛ ነበር። ቀደም ባለው ጊዜ እዚያው ዛፍ ውስጥ ወልዳ፣ ጌታዋ ሳይደርሱላት ውርንጭላው ላይ ጅብ ቀድሟቸዋል። ጋሼ ቢተው ይህን ሲያነሡ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ይኸው ወሬ ተነሣ። የስመኝ እናት እትዬ የኔነሽ ባዝራዋ እስክትወልድ ቤት ትታሰር አሉ። ጋሼ ቢተው የታሰረች ባዝራ ልቧ ይሞታል፣ ሣር ላይ መዋል አለባት አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ብዙ አማቾች በዝምታ ተከብረው ኖረዋል። እኔ ግን እንጅባራ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የአስተማሪ አፍ ደግሞ ሳይጠየቅም ይመልሳል። ራዲዮ እሠራላታለሁ አልኩ። አንገቷ ላይ የምትታሰር፣ በየጥቂት ሰከንዱ ጢጥ የምትል ትንሽ ራዲዮ፤ እኛ እጅ ላይ ደግሞ መቀበያ፤ መቀበያውን እያዞሩ ጢጡ ወደሚበረታበት መሄድ ብቻ።

ጋሼ ቢተው ጉርሻቸውን አላምጠው እስኪውጡ ድረስ አሰቡና፣ ኔትወርክ ለሰውም አልበቃ ብሎ የለም ወይ አሉኝ። ይኼ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም፣ የራሷ ነው አልኳቸው። ስንት ቀን ይፈጃል አሉ። ሳምንት አልኩ። ስመኝ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ያበረታታችኝ መስሎኝ አምስት ቀን ብዬ አረምኩ።

አሁን ትንሽ ወደ ሙያው ልግባ፤ አትሽሹ፣ ቶሎ እወጣለሁ። የራዲዮዋን ኃይል ወደ አየር የሚበትነው አንቴናው ነው። ችግሩ ሁለቱ አይግባቡም። ራዲዮዋ የተሠራችው ሃምሳ ኦም ለሚባል ጠባይ ነው፤ ለፈረስ አንገት እንዲሆን ያሳጠርኩት አንቴና ደግሞ የራሱ ሌላ ጠባይ አለው። ጠባያቸው ካልገጠመ የተላከው ኃይል አንቴናው ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል፤ ሽማግሌ ሳይልክ ልጅ ሊጠይቅ እንደሄደ ጎረምሳ። ስለዚህ መሐላቸው ሽማግሌ ይገባል፤ አንድ ኮይልና አንድ ካፓሲተር። አንዱ ከዚህ ወገን ይስባል፣ አንዱ ከዚያ ወገን ያላላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ያሸነፉ ይመስላቸዋል፤ ኃይሉም ያልፋል። ጥበቡ ያለው የሽማግሌዎቹን መጠን መምረጡ ላይ ነው። ጥቂት ከበዛ ወይም ካነሰ ሠርግ የለም።

መጠኑን የሚፈልግልኝ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነበረኝ። ሶፍትዌሩ አንቴናውንና በዙሪያው ያለውን አየር በጥቃቅን ኩቦች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ኩብ ውስጥ ሞገዱ ምን እንደሚሆን ያሰላል። ሲጨርስ ስክሪኑ ቀይና ሰማያዊ ይጥለቀለቃል። እጅግ ያምራል። የሚያምር ነገር ደግሞ እውነት ይመስላል፤ ስንቱ በዚህ ተሸወደ። በሁለተኛው ቀን ሶፍትዌሩ ከላክሁት ኃይል ከመቶ አንዱ እንኳ እንደማይመለስ መሰከረልኝ። ስመኝን ጠርቼ አሳየኋት። ቀለሙን አይታ የሳሎኑ መጋረጃ መለወጥ እንዳለበት አስታወሰችኝ።

ኮይሉና ካፓሲተሩ ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም። ኮይሉን በወረንጦ ይዤ ልበይደው ስል አነጠሰኝ። ወለሉ ላይ በአራት እግሬ እየዳህኩ ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁትና በየድኩት። የበየድኩት ኮይል ሳይሆን እውነተኛ ጤፍ መሆኑን ያወቅሁት ቤቱ የተቆላ እህል ሲሸት ነው። ሁለተኛው ኮይል ግን በሰላም ገባ። ራዲዮዋን መስኮት ላይ አስቀምጬ መቀበያውን ይዤ ብወጣ፣ ወደ ዳንግላ መውጫው ድረስ ጢጥ ትለኛለች። በከተማው ውስጥ እንደኔ ደረቱን ነፍቶ የተመለሰ ሰው በዚያ ቀን አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ራዲዮዋን ከቆዳ ማሰሪያ ጋር ሰፍቼ ወለላ አንገት ላይ አሰርኳት። ጋሼ ቢተው፣ እትዬ የኔነሽና ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ። መቀበያውን ይዤ መራመድ ጀመርኩ። ሠላሳ ርምጃ ላይ ዝም አለ። ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ጢጥ። ወደ ፊት ሄድኩ፤ ዝም። ጎረቤቶቹ ምንም አላሉም፤ የገደለኝም ምንም አለማለታቸው ነው። ጋሼ ቢተው ሠላሳ ርምጃ ላይ ከሆነችማ እኔም አያታለሁ አሉ። በክፋት አይደለም፤ እንደ መረጃ ነው የነገሩኝ።

ባትሪውን ጠረጠርኩ፣ ብየዳውን ጠረጠርኩ፣ የጎረቤቶቹን ዓይን ሳይቀር ጠረጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ስጠጣ ነው የገባኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ አንቴና ነበር፣ ቆዳ ነበር፣ አየር ነበር። ፈረስ አልነበረም። ፈረስ ማለት በሞገድ ዓይን ፀጉር የለበሰ የጨው ውኃ ነው፤ አንቴና ሲጠጋው ጠባዩ ይለወጣል። የእኔ ሽማግሌዎች ያስታረቁት ሌላ ሰው ነበር።

ቤቴ ፈረስ ስለሌለ ቅርብ ባለው ሥጋ ጀመርኩ፤ በራሴ። ማሰሪያውን አንገቴ ላይ አጥብቄ፣ መዳፍ የምታክል መለኪያ ሰክቼ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ኮይል እየነቀልኩ ኮይል ስተክል ዋልኩ። እናም ተሳካ። ርቀቱን ለመሞከር ስመኝ መቀበያውን ይዛ ቤት ቀረች፣ እኔ ሻርፕ ጠምጥሜ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። መንገድ ላይ ሻርፑ ተንሸራተተ። አንድ ባጃጅ ነጂ ማሰሪያውን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምን ሆነህ ነው ወንድሜ አለኝ። ሚስቴ ቤት ሆና የት እንዳለሁ የምትከታተለኝ በዚህ ነው አልኩት። ያልኩት እውነት ነበር፤ እውነቱ እንዴት እንደሚሰማ ያወቅሁት ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ በሙሉ የሚያዩት አንገቴን ነው።

ያችን ራዲዮ ወለላ ላይ ሳስራት ሠላሳው ርምጃ ስድሳ ሆነ፤ ከዚያ አላለፈም። የፈረስ አንገት የአስተማሪ አንገት አይደለም። እኔ ብጠፋ በቀላሉ እገኝ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ራሷን ወለላን ሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ሄድኩና አንገቷን ለካሁ፤ ከጆሮዋ ሥር፣ ከመሐል፣ ከትከሻዋ ላይ። ጋሼ ቢተው ልጓሟን ይዘው ምንም ሳይጠይቁ ቆሙልኝ። እትዬ የኔነሽ ግን እኔ ከሄድኩ በኋላ ለስመኝ ደውለው እንቅልፌ እንዴት እንደሆነ፣ ምግብ እበላም እንደሆነ ጠይቀው፣ ጠበልም ካስፈለገ ቅርብ ያለውን እንደሚያውቁ ነግረዋታል።

ቤት ገብቼ ጡንቻ፣ ስብና አጥንት ከሶፍትዌሩ ዝርዝር እየመረጥኩ ፈረስ ሠራሁ። እግር ያለው በርሜል ትመስል ነበር፤ ጭራ የጨመርኩላት ለሞገዱ ብዬ ሳይሆን አሳዝናኝ ነው። ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሁለት ቀን ፈጨና ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ። እንደገና አስጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ላይ ባዝራዋን መቀነስ ጀመርኩ። ጭራዋ ተነሣ፣ እግሮቿ ተነሡ፣ ሆዷ ተነሣ። አንገቷ ብቻ ቀረ። የሚወጣውን ቁጥር ለማረጋገጥ ደግሞ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ውኃ ሞላሁና ጨው ጨማመርኩበት፤ በሞገድ ዓይን ከፈረስ አንገት ብዙም አይርቅም።

ጋሼ ቢተው ለገበያ ወጥተው ቤታችን ጎራ ያሉት በዚህ ሰዓት ነው። ሳሎኑ መሐል፣ የፈረሳቸው ማሰሪያ በጀሪካን ላይ ታስሮ፣ አማቻቸው አጠገቡ ተንበርክኮ ጨው ሲጨምር አገኙት። ቆመው አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«መምህር፣ ግዴለም» አሉ። «ተናግሬያለሁ ብለህ አትጨነቅ። ፈረሷን እኔ እጠብቃታለሁ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩ፤ ቢያንስ ስቦዝን እንዳልነበርኩ ይዩልኝ ብዬ። መሐሉ ላይ ወፍራም ሰማያዊ አንገት ሽቅብ ቆሟል፣ ማሰሪያው ዙሪያውን ቀይ ያበራል። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ወለላ ናት?»

ናት አልኳቸው፤ አንገቷ።

«ወለላ እንዲህ ቆማ አታውቅም።»

ከዚያ በእርጋታ አስረዱኝ። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ነው፤ አንገቱ ዘቅዛቃ ነው። ያሰርኩት ነገር ተንሸራቶ መንጋጋዋ ሥር ይገባና እርጥብ ሣር ላይ ይንከባለላል፤ ራሳቸው ሲመለከቱት ሰንብተዋል፤ ካልተጠየቁ ደግሞ የሰው ሥራ ውስጥ መግባት ደግ አልመሰላቸውም። እኔ ለካ ፎቶ ለመነሣት የቆመች ፈረስ ነው የሠራሁት። የት ልሰረው አልኳቸው። ጋማዋ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ወደ ታች እንዳይወርድ ከራስ ማሰሪያዋ ጋር ተያይዞ አሉ። ኮርቻ ጀርባ እንዳይልጥ ከሥሩ ወፍራም ነገር ይደረግ የለ፤ ለዚህም የበግ ፀጉር ባና አጥፈህ ስፋበት አሉ። ያ ባና አንቴናውን ከሥጋዋ ሁለት ጣት ያህል ያርቀዋል። እኔ ስንት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ይህንኑ በብዙ ገጽ ነው የሚለው።

አንገቷን ስክሪኑ ላይ ዘቀዘቅሁት፣ ባናውን ጨመርኩ፣ አስጀመርኩ። መብራቱም ያን ቀን እንግዳ መጣ ብሎ ነው መሰል አልጠፋም። ሲጨርስ ራዲዮዋና አንቴናው ምን ያህል እንደተግባቡ የሚያሳየውን ክብ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ክቡ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ የኮይሉንና የካፓሲተሩን መጠን ስለውጥ ትዞራለች፤ መሐሉ ላይ ስትደርስ ተስማሙ ማለት ነው። ጋሼ ቢተው ትንሽ አዩና መሐሉ ችካሉ ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው የእሳቸው ሆነ። እኔ ቁጥሩን እጨምራለሁ፣ እሳቸው ነጥቧን እያዩ ራቀች፣ አለፍካት፣ በዚህ በኩል አዙራት ይሉኛል። ኮይሉን ስጨምር በየት እንደምትዞር ከሁለት ሙከራ በኋላ አወቁት፤ ተማሪዎቼ ግማሽ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ስመኝ ምሳ አቅርባ ሁለታችንንም አራት ጊዜ ጠራችን። ገበያው እስኪበተን ድረስ አልተነሣንም።

ባናውን ራሳቸው ሰፉት። በሚቀጥለው እሑድ ወለላ ሣሯን እየጋጠች እኔ መቀበያውን ይዤ ተራመድኩ፤ ሠላሳው አለፈ፣ ስድሳው አለፈ፣ ማሳው አለቀ፣ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ፤ ጢጥ ትላለች። ጎረቤቶቹ አሁንም ምንም አላሉም፤ አንዱ ግን ማሰሪያውን ጠጋ ብሎ ነካ ነካ አደረገው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት እትዬ የኔነሽ ደወሉ። ወለላ የለችም። ከትናንት ጀምሮ ጡቷ ወተት ያንጠባጥባል፤ መውለጃዋ ደርሷል። የቀርከሃ ዘንግ ላይ ያሰርኩትን መቀበያ ይዤ ስደርስ ጉሙ እጅ አያሳይም። ጋሼ ቢተው በጥሊሊ በኩል ለመሄድ ተነሥተዋል፤ ስትጠፋ ሁሌም የምትገኘው በዚያ ነውና። ዘንጉን ወደ ጥሊሊ አዞርኩት፤ ዝም አለ። ከማሳው በታች ወዳለው ወንዝ፣ ወደ ጥቅጥቁ ዲከረንስ አዞርኩት፤ ጢጥ አለ። እንደገና አዞርኩ። ያው ነው።

ወደ ወንዙ ናት አልኳቸው። ወደዚያ ሄዳ አታውቅም አሉ። እሳቸው ከተወለደች ጀምሮ ያውቋታል፤ እኔ የማውቀው አንገቷን ነው። ብሳሳት ጠዋቱ በከንቱ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም» አልኩ። «ጢጡ ግን ከዚያ ነው የሚመጣው።»

ዱላቸውን አዙረው ወደ ወንዙ ፊት ፊት ሄዱ።

ዛፉ ውስጥ ገባን። ጢጡ እየበረታ መጣ፤ በጣም ሲበረታ ግን ሌላ ጉድ ሆነ፤ በአራቱም አቅጣጫ እኩል መጮህ ጀመረ። እዚህ አካባቢ ናት፣ የት እንደሆነች ግን አይናገርም። ዘንጉን ይዤ ከዛፍ ዛፍ እየተጋጨሁ ስሽከረከር ጋሼ ቢተው ትከሻዬን ያዙና አጥፋው አሉኝ። አጠፋሁት። ቆምን። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በግራ በኩል አንድ ከባድ ትንፋሽ ሰማን።

ወለላ ተኝታ ነበር። የውርንጭላው ሁለት የፊት እግሮች ወጥተው ቀርተዋል፤ ከደከመች ቆይታለች። ጋሼ ቢተው ካፖርታቸውን አውልቀው ተንበረከኩ፤ ራሷን ይዤ እንዳነጋግራት ነገሩኝ። ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ፈረስ በምጥ ስትያዝ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳት። ስለ ኮይል፣ ስለ ካፓሲተር፣ ለምን አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። አማቴ ከወዲያ ይስባሉ፣ ያርፋሉ፣ ይስባሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ከብዶ ሲወድቅ ሰማሁ።

ውርንጭላው አይንቀሳቀስም። ጋሼ ቢተው የሸፈነውን ስስ ነገር ከአፍንጫው ቀደው፣ በካፖርታቸው አሹት፤ ያለ ማቋረጥ አሹት። እኔ ማስተማሬን አላቆምኩም፤ ብቆም የሆነ ነገር የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ውርንጭላው አስነጠሰ። ጋሼ ቢተው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ዝናብ ነው እንዳልል በዚያን ሰዓት አልዘነበም።

ቆሞ እስኪጠባ ጠብቀን ተነሣን። በዚያ የወንዝ ዳር ገደል ገና መራመድ ስለማይችል አማቴ አንሥተው ትከሻዬ ላይ አኖሩት፤ አራት እግሮቹ ደረቴ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ወለላ ከኋላዬ እያሸተተች ተከተለች። በአጭሩ መንገድ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰዎች ከበቡን፤ በዚህ ጉም እንዴት አገኛችኋት አሉ። እኔ አፌን ስከፍት ጋሼ ቢተው ጀመሩ። ዕቃው ለብቻው ሲሆን አንድ ጠባይ እንዳለው፣ እሷ ላይ ሲታሰር ግን ሌላ እንደሚሆን፤ ስለዚህ መጀመሪያ የእሷን አንገት፣ አዋዋሏንም ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለቱን ቅንጣቶች መርጦ መሐል ማስገባት እንደሚቻል። አንድም አልሳቱም። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ፤ ማንም አልገባም፤ ረዳቱም ወርዶ ያዳምጥ ጀመር።

ከመካከላቸው አንዱ ይህን የሠራው ማን ነው አለ።

«ሠራነው» አሉ ጋሼ ቢተው፣ ማንንም ሳያዩ።

ውርንጭላው በዚህ ጊዜ ጡት መስሎት ጆሮዬን መጥባት ጀምሮ ነበር። ተውኩት፤ ይጥባ።